መልእክታችንን አብሮን ያነብ የነበረው ሰው

ታናሽ እህቴ ባሏን ጥላ ከሰበታ ከወጣች ሦስተኛ ወሯን ይዛ ነበር። መጀመሪያ በንግግር፣ ኋላ በእጁ ሲጎዳት ከርሞ፣ አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ ወደ ቤቷ መመለሱን ትታ በለበሰችው ልብስ ብቻ እኔ ዘንድ መጣች። እኔ የምኖረው ቡራዩ ነው። እኔ ቤት ብትቀመጥ መጀመሪያ የሚፈልጋት እዚያ እንደሆነ ስለማውቅ፣ ሱሉልታ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንድ ክፍል ተከራየሁላት። ቤቱን የምናውቀው እኔ፣ እሷና አከራዩ ብቻ ነበርን። አከራዩ ኦቦ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ብዙ አልጠየቁኝም፤ የግቢውን በር ቁልፍ ቀየሩ።

መመላለሱን ስለፈራን የምንገናኘው በስልክ መልእክት ነበር። የበላችውን፣ የተሳፈረችበትን ታክሲ፣ ዕቃ የምትገዛበትን የሰፈር ሱቅ፣ አዲስ የጀመረችውን ሥራ፣ ስለ ባሏ ፊት ለፊት ነግራኝ የማታውቀውን ሁሉ ትጽፍልኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ደወለችልኝ። ለሥራ ስትወጣ ባሏን ከሰፈሩ ሱቅ አጠገብ ቆሞ አይታዋለች። አልጠራትም፣ አልተከተላትም፤ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ዝም ብሎ ያያት ነበር። ሮጣ ተመልሳ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፋ ነው የምትደውለው።

«እትዬ፣ ለማን ነገርሽ?» አለችኝ።

ለማንም እንዳልነገርኩ ማልኩላት። «ታዲያ ከየት አወቀ?» ብላ ስልኩን ዘጋችው። እንዳላመነችኝ ገባኝ፤ በእሷ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም ነበር።

ትንሽ ቆይተው ኦቦ ደወሉልኝ። ሰውየው ግቢያቸውን አንኳኩቶ፣ በትሕትና ጎንበስ ብሎ፣ «ባለቤቴ ጨጓራዋ ተነስቶባታል፤ መድኃኒት ላደርስላት ነው» ብሏቸዋል። እንዲህ ያለች ተከራይ የለችኝም ብለው መልሰውታል። እህቴ ጨጓራዋ እንደተነሳባት የጻፈችልኝ ከሁለት ቀን በፊት ነው፤ ለእኔ ብቻ።

የምሠራው በአንድ ትምህርት ቤት በጸሐፊነት ነው። ቢሮ ገብቼ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ አስቀመጥኩት፤ የሚያየኝ ዓይን ያለው መሰለኝ። ሲጨንቀኝ የኮምፒውተር መምህራችን ጋ ሄድኩ። ከደቡብ የመጣ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ስልኬ ከእጄ ወጥቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አያውቅም አልኩት። መልእክቴን በሰው ኮምፒውተር ከፍቼ አውቅ እንደሆነም ጠየቀኝ፤ በጭራሽ አልኩት። ስልኬን ተቀብሎ ሴቲንግ ውስጥ ገባና፣ መልእክት መላላኪያዬ የተከፈተባቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር አወጣልኝ። ይህ ዝርዝር ሁልጊዜም እዚያው ነበር፤ አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም። ሁለት መስመር ነው። አንዱ የራሴ ስልክ፣ ሌላው የማላውቀው ኮምፒውተር። ከሥሩ «ዛሬ ጠዋት» ይላል።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ባለፈው ዓመት ለሥራ እድገት የማመለክትበትን ወረቀት በፒዲኤፍ እንዳስገባ ተጠይቄ፣ በስልኬ ፎቶ አንስቼው ሰበታ እህቴ ቤት ነበርኩ። ስልኬ ላይ ያሉትን ፎቶዎች በነፃ ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይር ድረ ገጽ እንዳለ ነግሮኝ፣ «ተቀመጪ እትዬ፣ በእኔ ኮምፒውተር ሥሪው» ያለኝ ራሱ ባሏ ነው። ፎቶዎቹን ለማዛወር መልእክቴን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትኩ። ድረ ገጹ ሥራውን በደንብ ሠራልኝ። አመስግኜ፣ ምሳ በልቼ ወጣሁ። የከፈትኩትን ግን አልዘጋሁትም።

መምህሩ ሊዘጋው ጣቱን ሲያነሳ እጁን ያዝኩት። ከተዘጋበት ማወቃችንን ያውቃል፤ እህቴም ገና እዚያው ናት። የኮምፒውተሩ ባለቤት ማን እንደሆነ ነገርኩት። ማስረጃ እንዲሆን የገጹን ፎቶ አስቀረልኝና ሌላ ምንም ሳይነካ ስልኬን መለሰልኝ።

በማግስቱ ከሥራ ቀድሜ ወጥቼ፣ ሁለት ታክሲ ቀያይሬ፣ ከኋላዬ የተቀመጠውን ሁሉ እየተገላመጥኩ ሱሉልታ ደረስኩ። ስነግራት እህቴ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች።

«ታዲያ የጻፍኩልሽን ሁሉ አንብቦታል?»

አዎ አልኳት። አፏን በእጇ ያዘች። አድራሻዋን ከማወቁ ይልቅ፣ ስለ እሱ የጻፈችውን፣ ያፈረችበትንና ያለቀሰችበትን ማንበቡ ነው የሰበራት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት አልረሳቸውም። እንዳይጠረጥር መጻጻፋችንን መቀጠል ነበረብን። «ጨጓራሽ ተሻለሽ?» ብዬ ስጽፍላት የሚያነበው እሱ እንደሆነ እያወቅሁ ነው፤ ፊደል እየሳትኩ ደጋግሜ እጽፈዋለሁ። ዓርብ ዕለት፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ቡራዩ ታክሲ ተራ እንድንገናኝ ጻፍኩላት። እሺ ብላ መለሰችልኝ።

ቅዳሜ ከታክሲ ተራው ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከመምህሩ ጋር መስኮት ላይ ቆምኩ። አራት ሰዓት ሳይሞላ መጣ። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጺሙን ተላጭቶ ከሚኒባሶቹ የሚወርዱትን ሴቶች ፊት አንድ በአንድ ይመለከት ጀመር። አንዴ ቀና ሲል ከመስኮቱ ሸሸሁ፤ ያየኝ መሰለኝ። በዚያው ሰዓት ኦቦ በዘመዳቸው መኪና እህቴን ወደ ለገጣፎ እየወሰዷት ነበር። «ገብታለች» ብለው ሲደውሉልኝ፣ መምህሩ ያን ሁለተኛ መስመር አጠፋው። ከዚያም ስልኬ ቢጠፋ እንኳ ሌላ ሰው እንዳይገባበት ተጨማሪ የይለፍ ቃል አስገባልኝ።

በማግስቱ ባሏ ደወለልኝ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር።

«እትዬ፣ ዘጋሽው አይደል?» አለ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ሰኞ ፎቶውን ይዘን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን፤ ቃላችንን ሰጠን። ባሏ ተጠርቶ ሲጠየቅ፣ «መልእክቱን ራሷ እትዬ ከፍታ ትታው ነው የሄደችው» ብሎ መለሰ። እሱስ እውነቱን ነው። ቢሆንም ዳግም እህቴ ዘንድ ላይደርስ ፈርሞ ወጣ፤ እስካሁን አልመጣም።

እህቴ ስለጠረጠረችኝ ይቅርታ ጠይቃኛለች። አሁን የምንገናኘው በአካል ነው፤ ሰው በሚበዛበት ቦታ፣ በቀን። የምትኖረው ለገጣፎ መሆኑን እንጂ ቤቷ የቱ እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም።