የእንግሊዙ ቤት ጽጌረዳ

ከየካቲት ወዲህ መኪና በበራችን ባለፈ ቁጥር እነሣለሁ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አይና እመለሳለሁ። ዳዊት ስደግም እንኳ ጆሮዬ ውጭ ነው፤ ሳላውቀው ከአንዱ መዝሙር ወደ ሌላው እዘላለሁ፤ ተመልሼ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ጌታ ይቅር ይበለኝ።

የምኖርበትን ግቢ ሰፈርተኛው «የእንግሊዙ ቤት» ይለዋል። ከእንጦጦ ግርጌ፣ ባሕር ዛፉ አልቆ አስፋልቱ ከሚጀምርበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። መንገድ ሊያሠራ የመጣ እንግሊዝ ለሚስቱ ሠራው ይባላል። «በአገሬ ገጠር ያደግሁበትን የመሰለ ቤት ካልሆነ አልቀመጥም» ብላው ነው አሉ። የእንጦጦን ድንጋይ አስጠርቦ፣ ጣሪያውን አሹሎ፣ በየክፍሉ የእሳት ምድጃ አበጅቶ ሠራላት። እሷ ደግሞ ከፊት ለፊት ሣር አስተከለች፤ በሣሩ መካከል ጠጠር መንገድ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ አራት አራት የጽጌረዳ መደብ፣ ዙሪያውን እንደ ግድግዳ የተከረከመ ጥድ። ጽጌረዳው በመርከብ፣ ከዚያ በባቡር መጣ ይላሉ። ማን እንደ ነገረን አላውቅም፤ ብቻ ሁላችንም እናወራዋለን።

ጎረቤቴ ግን ታሪኩን ከእንግሊዙ አታስጀምርም። የእሷ ዘመዶች ቀድሞ እዚሁ ያርሱ ነበር። «መጀመሪያ የአያቴ ገብስ ነበረበት፤» ትላለች፤ «ሴትዮዋ ለሣር ብላ ነው ገብስ ያስነቀለችው። ሣር! ከብት እንኳ የማይገባበት!» ከዚያ በኦሮምኛ አንድ ነገር ትጨምራለች። ተርጉሚልኝ ስላት፣ «ለአንቺ አይሆንም፤ አንቺ ቆራቢ ነሽ» ትለኛለች።

እንግሊዞቹ ሄዱ። ከመኳንንቱ አንዱ ገዛው። ደርግ ትርፍ ቤት ብሎ ወረሰው። ቀበሌ ክፍሎቹን በኮምፔንሳቶ ከፋፍሎ ለስምንት አባወራ ሲያድል ከየክፍሉ ጋር አንድ አንድ መደብ ሰጠ፤ ጎመን እንዲተክሉበት ነበር። መጀመሪያ የገቡት ሴቶች ግን ጽጌረዳውን ለመንቀል እጃቸው እምቢ አላቸው። ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ሁሉንም ቆርጠን፣ እንጦጦ ወጥተን፣ ታቦቷ በምታልፍበት እንነሰንሳለን ብለው ተሳሉ። ከዚያ ወዲህ ክፍሉን የያዘ ስለቱንም ይይዛል።

እኔ ከስሜን በመምህርነት ተመድቤ ስመጣ የመብል አዳራሹ ግማሽ ደረሰኝ፤ ሌላው ግማሽ የጎረቤቴ ነው። ዘመድ አልነበረኝም። ሰፈሩም፣ ጥድፊያውም፣ የሰዉ አነጋገርም ያስፈራኝ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት አበባ ታቅፌ ከሴቶቹ ጋር ዳገቱን ስወጣ አንዷ ዘወር ብላ «ነይ እንጂ፣ የእኛ ሰው» አለችኝ። ይህን ካለችኝ በኋላ ነው እዚህ አገር እንቅልፍ የወሰደኝ።

ዘንድሮ ሰፈሩ ለልማት እንደሚነሣ ተነገረን። ቤቱ ቅርስ ከሆነ ግን ይተርፋል ተባለ። አንዲት ወጣት አጥኚ መጥታ ግድግዳውን ዳሰሰች፣ ኮምፔንሳቶውን አየችና አዘነች። «ቤቱማ ብዙ ተነካክቷል፣ እናቴ» አለችኝ፤ «ያልተነካው አትክልቱ ነው። የካቲት አሥራ ሰባት የቅርስ ኮሚቴው ይመጣል፤ እንዲህ እንዳበበ ይየው።»

አሥራ ሰባት ማለት የኪዳነ ምሕረት ማግስት ነው። ማታውኑ የግቢው ሰው ጠጠሩ ላይ ተሰበሰበ።

«ዘንድሮ መቀስ የሚያነሣ ሰው እንዳላይ!» አሉ ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ። «ስንት ዓመት የተቀበለች እመቤት አንድ ዓመት ብትታገሠን ምን ትሆናለች?»

«እሷማ ምንም አትሆንም፤ እኛ አንድ ነገር እንዳንሆን ነው እንጂ» አልኩ።

«እንግዲያው ከከተማ ወጥተሽ ሜዳ ላይ ስትወድቂ አበባሽን ትለብሻለሽ!»

«ኧረ ይተዋት፣ ጋሼ» አለች ጎረቤቴ፤ «እሷ አስባ እስክትጨርስ ኮሚቴው መጥቶ ይሄዳል።»

ሁሉም ሳቁ። እውነቷን ነበር፤ እኔ ጨው ስገዛ እንኳ ሁለት ጊዜ የማስብ ሴት ነኝ። ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ።

«ቁረጪም አልልሽ፣ ተዪም አልልሽ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን መጣሁ፣ አባቴ?»

«ልብሽ እንዲያርፍ ነዋ።»

ልቤ ግን አላረፈም። ያን ሳምንት አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። እወጣለሁ፣ መደቤን አያለሁ፣ እገባለሁ። ጽጌረዳው ደግሞ እንደዚያ ሰሞን አብቦ አያውቅም። ቤቴን ባጣ ሌላ አገር የምለምድበት ጉልበት የለኝም። ስለቱን ባስቀር ደግሞ በየትኛው ፊቴ እመቤቴን እለምናታለሁ?

በአሥራ ስድስት ማለዳ መቀሴን ይዤ ወጣሁና መደቤን አንድ ሳላስቀር ቆረጥኩት። ጎረቤቴ በሯ ላይ ቆማ ነበር።

«ቆረጥሽው?»

«ቆረጥኩት።»

«ጨረስሽን በቃ።» እንዲህ ብላ መጥታ፣ እሾሁ እየወጋት ዘንጉን ያዘችልኝ፤ እኔ በገመድ አሰርኩት። ዳገቱን ብቻዬን ወጣሁ።

በማግስቱ ኮሚቴው መጣ። ሰባቱ መደብ ያንጸባርቃል፤ የእኔ ጉቶ ብቻ ነው። ሽበታሙ ሰብሳቢ እዚያ ቆሙ።

«ይህ ደግሞ ምን ነክቶት ነው?»

«ተባይ!» አሉ ሃምሳ አለቃው ፈጠን ብለው።

«ለታቦት ቆርጬው ነው» አልኩ።

ሰብሳቢው ፈገግ አሉና አለፉ። ሌሎቹን መደቦች ፎቶ አነሡ።

መልሱ የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ከወረዳ የተላከው ሰው ደስ እያለው ነገረን፦ አትክልቱ ከነአሠራሩ እንዲጠበቅ ተወስኗል፤ ቤቱ ታድሶ ግቢው የሕዝብ መናፈሻ ይሆናል።

«እኛስ?» አሉ ሃምሳ አለቃው።

«እናንተማ ምትክ ቤት ይሰጣችኋል።»

ሰውየው ከወጣ በኋላ ጩኸቱ መጣ። «ሁላችንም ብንቆርጠው ኖሮ ማን ዞር ብሎ ያየን ነበር?» ይላሉ ሃምሳ አለቃው። «ብንቆርጠውማ ቤቱም ላያችን ላይ ይፈርስ ነበር!» ትላለች ጎረቤቴ። እኔ ደግሞ ስለቴን ከሰጠሁ እመቤቴ ቤቴን ትጠብቅልኛለች ብዬ በልቤ ተዋውዬ ኖሯል፤ ይህን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከእኔ ጋር የተዋዋለ ግን አልነበረም።

በመጋቢት አሥራ ስድስት፣ በወርኃዊው ኪዳነ ምሕረት፣ በሬ ተንኳኳ። ሃምሳ አለቃው መቀስ ይዘው ቆመዋል።

«ተነሺ እንጂ! ከየት ላይ እንደሚቆረጥ እንኳ አላውቅም።»

ሰባቱም መደብ ተቆረጠ። ዳገቱን ስንወጣ እየተሳደቡም እየሣቁም ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ በር አንድ ቄስ ሸክማችንን አይተው፣ «ምነው በወርኃዊው ይህን ሁሉ? ዓመታዊው አለፈ እኮ» አሉ።

«ዘገየን፣ አባቴ» አሉ ሃምሳ አለቃው ባርኔጣቸውን አውልቀው፤ «እንግዳ ነበረብን።»

አበባውን ደጀ ሰላሙ ላይ ነሰነስነው። እኔ ትንሽ ልጸልይ ቆሜ ነበር። ጎረቤቴ ነጠላዬን ሳብ አደረገችኝ።

«ነይ እንውረድ፣ ዛሬ የውኃ ቀናችን ነው፤ ውኃው ሳይሄድ መደቡን እናጠጣው።»

«ለማን ብለን?» አልኳት።

«እኔ እንጃ፤ ይደርቅ ታዲያ?»

ፈጠን ፈጠን እያልን ቁልቁለቱን ጀመርን።