ጋሽ ሸምሱ የጨረሱልኝ መጽሐፍ

ልጅ እያለሁ መጽሐፍ ሁሉ መጨረሻ የሌለው ይመስለኝ ነበር። አሰላ ውስጥ መጽሐፍ የምናገኘው ገበያው አጠገብ ከነበረችው የጋሽ ሸምሱ የቆርቆሮ ኪዮስክ በኪራይ ነው፤ ልብ ወለዶቹ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ኖረው የፊትና የኋላ ቅጠላቸው ያለቀ ነበር። ጋሽ ሸምሱ በጆንያ መስፊያ ክር ይጠርዟቸዋል፣ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ይለብጧቸዋል። ሽታቸው አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ፤ ላምባ፣ ሙጫ፣ ጩኮ የበላ ሰው ጣት የተወው ቅቤ። ዳር ዳሩ ላይ ከኔ በፊት የተከራየው ሁሉ አስተያየቱን ጽፎበታል። «ይህችን ሴት አትመኗት» የሚል ካየሁ ሴትዮዋን ወዲያው እወዳታለሁ።

የጎደለውን መጨረሻ በአፍ የሚጨርሱልን ጋሽ ሸምሱ ነበሩ። መጽሐፉን ስንመልስላቸው የሻይ ብርጭቋቸውን ያስቀምጡና ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን እንደሞተ፣ ክፉው ሰውዬ ምን እንዳገኘው ይነግሩናል። በወጣትነታቸው ከስልጤ አገር ለንግድ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። ክረምት ላይ የጭላሎ ተራራ ጉም ወርዶ ገበያውን ሲሸፍነው፣ ኪዮስኳ በር ላይ ተኮልኩለን የምንሰማው መጨረሻ ከመጽሐፉ ይበልጥ ይጥመን ነበር።

እኔ ግን መጽሐፍ የምከራየው አንዲት ልጅ ፍለጋ ነው፤ እንደኔ ያለች ልጅ። አባቴ ለመንገድ ሥራ የመጣ ፈረንጅ ነው፤ እናቴ እዚያው ቢሮ ታይፒስት ነበረች። እኔ ዳዴ ማለት ሳልጀምር መንገዱም አለቀ፣ እሱም ወደ አገሩ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ፀጉሬ የበቆሎ ጺም ይመስላል። ስሜ ሰሚራ ሆኖ ሳለ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት የሚጠራኝ ሁሉ «ፈረንጅ» ይለኛል። ጎረቤቶቻችን ክፉዎች አልነበሩም፤ «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» ብለው ጉንጬን ቆንጠጥ አድርገው ያልፋሉ።

ችግሩ ጨዋታ ላይ ነው። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት ጠብ ከተነሳ ልጆቹ አባት ቆጠራ ይገባሉ። አርሲ ውስጥ ልጅ አፉን ሲፈታ አባቱን፣ የአባቱን አባት፣ የአያቱን አባት እያለ እስከ ሰባት መቁጠር ይማራል፤ ጎሳው የሚታወቀውም በዚያ ነው። የኔ ተራ ሲደርስ አንድ ስም ጠርቼ አቆማለሁ፤ እሱንም አስተካክዬ መጥራት አልችልም። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ይባላል። እኔ አመዴ የት እንዳለ አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ልብ ወለድ ውስጥ ፈለግሁት። ክልስ ሴቶች እዚያም አልጠፉም። ከሆቴል ደረጃ ላይ ተውበው ይወርዳሉ፣ አንዱን የደህና ቤተሰብ ልጅ ያሳብዳሉ፣ ሁለት ምዕራፍ ሳይቆዩ ይሞታሉ። ደራሲዎቹን ምን እንዳደረግናቸው እንጃ። በቤቷ የምትኖር፣ ጎረቤት ቡና የሚጠራት፣ ተደስታ የምታረጅ አንዲት እንኳ አጣሁ። ልጅ ነበርኩና፣ መጽሐፍ ላይ ከሌለች በዓለምም ላይ የለችም ብዬ ደመደምኩ።

አንድ ክረምት ጋሽ ሸምሱ ሽፋንም ርዕስም የሌለው መጽሐፍ ሰጡኝ። ሊዲያ የምትባል፣ ቢጫ ሻርፕ የማይለያት ክልስ ልጅ ታሪክ ነው፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የሷ ነው። በሄደችበት ደጃፍ ሁሉ «የማን ልጅ ነሽ?» ትባላለች። ኋላ ሰልችቷት ትልቅ ከተማ ትገባና በተከራየችው ክፍል ውስጥ ብቻዋን ታማ ትተኛለች። ከዚያ «በሩ ተንኳኳ» ይላል፤ የተረፈው ቅጠል የለም።

በዝናብ ሮጬ ኪዮስኳ ደረስኩ። «ጋሽ ሸምሱ፣ ሞተች?» አልኳቸው።

ሻያቸውን አስቀመጡ። የዚያን ቀን ጉሮሯቸውን ለመጥረግ ብዙ ቆዩ። «ማን ሞተች አለሽ?» አሉ። «በሩን ያንኳኳው አጎቷ ነው፤ የናቷ ወንድም። የአርሲ ሰው ነው፣ በፈረስ ነው የመጣው።»

ከተማ መሃል ፈረስ ምን ይሠራል ብዬ አልጠየቅሁም። አጎትየው ሊዲያን አፈናጥጦ አገሩ እንደወሰዳት፣ ሽማግሌ ሰብስቦ ለምለም ሳር እንዳስያዛት፣ ወተት አጠጥቶ አናቷን ቅቤ እንደቀባት ነገሩኝ። «ጉዲፈቻ ይባላል። ከዛሬ ጀምሮ የማን ልጅ ነሽ ሲሉሽ በኔ በኩል ቁጠሪ አላት። እዚያው አገባች፣ ወለደች። አለቀ።»

እኔም አጎት ነበረኝ። አጎቴ ቃሲም ከአሰላ ወጣ ብሎ ሳጉሬ ገብስና ስንዴ ያርሳሉ፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በገበያ ቀን ፈረሳቸውን እየሳቡ ይመጡና አንድ ጆንያ ገብስ ደጃፋችን ላይ ያወርዳሉ። እናቴን ደህንነቷን ይጠይቃሉ፣ እኔን በሩቁ ያዩኛል፣ ደጁን ሳያልፉ ይመለሳሉ። እናቴ በሩን ስትዘጋ «ያፍርብናል» ትል ነበር።

በቀጣዩ ገበያ ቀን ቀድሜ ወጥቼ የአጎቴን ፈረስ ልጓም ያዝኩና የሊዲያን ታሪክ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ሲጨንቀኝ አማርኛውን ከኦሮምኛ እያደባለቅሁ ነው። በመጨረሻ «እርስዎ ለምን በሩን አያንኳኩም?» አልኳቸው።

«መጽሐፍ ላይ እንደዚህ ተጽፏል?»

«ተጽፏል።»

«አርሲ ነው ይላል ሰውዬው?»

«በፈረስ መጣ ይላል።»

የኮርቻውን ጠፍር ፈቱ፣ መልሰው አሰሩ። ከዚያ እናቴን ጠሩ። «ይቺ ልጅ አባቷ ይመጣል ብለሽ የምትጠብቂላት መስሎኝ ነው እኮ» አሏት። «አባት ያላትን ልጅ እንዴት ብዬ በኔ ልቁጠራት? ሰውዬው ልጄን ቀሙኝ አይልም?»

«እኔ ደግሞ አፍረህብን መስሎኝ» አለች እናቴ፣ ማልቀስ ጀመረች።

ያን ሁሉ ዘመን አንድ በር ላይ ቆመው፣ እሳቸው ለማያውቁት ሰው ክብር ሲጠነቀቁ፣ እሷ አንድ ቃል ስትጠብቅ ኖረዋል። አጎቴ የዚያን ቀን ጫማቸውን አውልቀው ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ገቡ።

አዝመራው እንደተሰበሰበ ሳጉሬ ወሰዱን። የመንደሩ ሼህ «በሸሪዓው ስሟ ያው በአባቷ ይቆይ» አሉ፤ ሽማግሌዎቹም «ስሙ ይቆይ፣ ቆጠራው ግን የኛ ነው» ብለው ተስማሙ። ሳር ያዝኩ፣ ወተት ጠጣሁ፣ ቅቤው እስከ ጆሮዬ ወረደ። አጎቴ እጃቸውን አናቴ ላይ ጭነው «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ አሚን አሉ። ደስታ ሆድን እንደሚያሞቅ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አሰላ ስንመለስ ማንም ሳይጠይቀኝ ሰሚራ፣ ቃሲም፣ ቡሊ፣ ገመዳ እያልኩ እስከ ሰባተኛው ስቆጥር ጓደኞቼ ታከቱ።

ለጋሽ ሸምሱ ሄጄ ልክ እንደ መጽሐፉ መሆኑን ነገርኳቸው። «መጽሐፍ መቼ ይዋሻል» አሉና ሻያቸውን ጠጡ።

እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። ኪዮስኳ በነበረችበት ዛሬ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። ባለፈው ክረምት አዳማ መንገድ ዳር ከተዘረጉ አሮጌ መጻሕፍት መካከል አንዱን ገለጥ ሳደርግ ቢጫ ሻርፕ አየሁ። ሊዲያ ነበረች፤ ከነሽፋኗ፣ ከነመጨረሻዋ። እዚያው ቆሜ የመጨረሻውን ቅጠል አነበብኩ። በሩን ያንኳኳችው የቤት አከራይዋ ናት። ሊዲያ ተነስታ አልከፈተችም። ቀብሯ ላይ ከአከራይዋና ከቀባሪዎቹ በቀር ሰው አልነበረም። አጎት የለም፣ ፈረስም የለም።

መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለሊዲያ አይደለም። አንድ ሻይ የያዘ ሰው፣ በዝናብ የበሰበሰች ልጅ ፊቱ ቆማ «ሞተች?» ስትለው፣ አጎትና ፈረስ ከሆዱ ፈልጎ ስላመጣላት ነው።

የዛሬ ልጆች መጨረሻ አይቸግራቸውም። ልጄ ፊልሙን ሳትጀምር መጨረሻውን ከስልኳ ላይ አንብባ ትጠብቀኛለች። ማን ናት ብሎ የሚያስቆጥራትም የለም፤ አንዳንዴ ያ የጥንቱ ጥያቄ እንኳ ይናፍቀኛል፣ መልሱን ስለማውቀው ይሆናል። መጽሐፉን እንድታነበው ሰጠኋት። ከመስጠቴ በፊት ግን የመጨረሻውን ቅጠል ቀስ አድርጌ ገነጠልኩት።

ትናንት መጽሐፉን ይዛ ማድ ቤት ድረስ መጣች። «እማዬ፣ መጨረሻው የለም እኮ። በሩን ማን ነው ያንኳኳው?»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«አጎቷ ነው» አልኳት። «በፈረስ ነው የመጣው።»