ጌጤ ከአጥሩ ውጪ

ጌጤን ጉልበቷን አሟት አያውቅም። ሽሮ ሜዳ ነጠላ ስትቋጭ ቀኑን ሙሉ እግሯን አጣጥፋ ትውላለች፤ ሲመሽ ብድግ ብላ የቁስቋምን ዳገት እንደ ልጃገረድ ትወጣዋለች። ታዲያ ጉልበቷ የሚታመመው እሑድ እሑድ፣ ያውም ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ስትደርስ ብቻ ነው። «ደረጃው አይሆንልኝም፤ እናንተ ግቡ» ትላለች ጎረቤቶቿን። እነሱም «እግዜር ይማርሽ» ብለዋት ይገባሉ። ያን ሁሉ ዳገት የወጣች ሴት እንዴት ሦስት ደረጃ ያቅታታል ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አለመኖሩ ይገርማል።

እውነቱ ሌላ ነው። ጌጤ ደም ይፈሳታል። የወሩ አይደለም፤ እሱማ በአርባ ሰባት ዓመቷ ሊሰናበታት ዳር ዳር እያለ ነበር። ይሄኛው መጣ፣ ሄደ፣ ተመልሶ መጣና አልሄድ አለ። በደም ያለች ሴት ቤተ መቅደስ እንደማትገባ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ ስለዚህ ውጪ ቆመች። ሕመም ይሁን ሌላ፣ ማንንም አልጠየቀችም፤ የንስሐ አባቷን እንኳ። ወንድ ናቸው፣ በየትኛው አፏ ትንገራቸው? ማንም አላባረራትም፤ ያባረረችው ራሷ ናት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማች አድጋ፣ የሆዷን በሆዷ ይዛ ተቀመጠች።

ዝምታዋ ያቀያየማት ከአንድ ልጇ ከሩታ ጋር ነው። ሟቹ ባሏ ሀብተ ጊዮርጊስ ከጋሞ መጥቶ ዕድሜውን ሸማ ሲሠራ የኖረ ሰው ነበር። ሩታን ተስፋሁን የሚባል አስተማሪ ሊያገባት ሲጠይቅ፣ አክስቱ «የሸማኔ ልጅ» ማለታቸው ጌጤ ጆሮ ደረሰ። ጌጤም «እንግዲያው ሸማኔ ያልወለዳት ይፈልጉለት!» ብላ ሽማግሌዎቹን ባዶ እጃቸውን መለሰቻቸው። በኋላ ልጁን ስታየው ወደደችው፤ እሺም አለች። መውደዷን ግን በአፏ አልተናገረችም። አምና ጥር ላይ፣ በተክሊሉ ቀን፣ ሁሉም ሲገባ እሷ ጉልበቷን ይዛ ከአጥሩ ውጪ ቀረች። ሩታ ካባዋን እንደደረበች እናቷን በዓይኗ ብትፈልግ አጣቻት። ከዚያ ወዲህ ስትመጣ ብቻዋን ነው የምትመጣው፤ የቀረበላትን ሻይ እንኳ ሳትጨርስ ትነሳለች።

ዘንድሮ ግንቦት መግቢያ ላይ፣ አንድ እሑድ፣ መምህር ጉልላት የሚባሉ ሰባኪ ጌታ በምድር ሲመላለስ ስላደረገው ያስተምሩ ነበር። ጌጤ ባሕር ዛፍ ተደግፋ በድምፅ ማጉያው ትሰማለች። ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈሳት ስለኖረችው ሴት ሲጀምሩ ክው አለች። ማን ነገራቸው ብላ ዙሪያዋን አየች።

ሴትየዋ በሰው መሀል ተሹለክልካ መጣች፣ ከኋላው የልብሱን ጫፍ ነካች፣ ዳነች። እስከዚህ ጌጤ ደስ አላት። ያናደዳት ቀጥሎ ያለው ነው። ጌታ ቆሞ «ማነው የነካኝ?» አለ፤ ሴትየዋም እየተንቀጠቀጠች ወጥታ ሁሉንም ተናገረች። ምናለ ዝም ቢላት? ድናለች፣ ትሂዳ! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የሴት ገመና ማስወጣት ምን ይሉታል?

መምህሩ ጥያቄዋን የሰሙ ይመስል፣ «ሊያሳፍራት አይደለም» አሉ። «ደሟ ቢቆምም ከሰው እንደተሸሸገች ልትቀር ነበር። በሕዝቡ ፊት ልጄ ብሎ የጠራት ወደ ሰው ሊመልሳት ነው።»

ጌጤ አልተዋጠላትም። «ለእሱ ቀላል ነው» ብላ ዳገቱን መውረድ ጀመረች፤ ወዲያው ያለችው ነገር አስደነገጣትና አማተበች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የሩታ ልጅ ሰማንያ ቀን ሞላት። ክርስትና በምትነሳበት ማለዳ፣ አጥሩ በር ላይ ሩታ ሕፃኗን ወደ እናቷ ዘረጋች።

«እማዬ፣ አንቺ ታቅፈሻት ግቢ። የክርስትና እናቷ ውስጥ ትቀበልሻለች።»

«ጉልበቴን እኮ...»

«ጉልበቴን እንዳትዪኝ!» ሩታ ጮኸች። «በሰርጌም ጉልበትሽ፣ ዛሬም ጉልበትሽ! ተስፋሁንን ጠላሽው፣ እሺ። ይቺ ምን አደረገችሽ?»

መንገደኛው ሁሉ ዘወር አለ። ተስፋሁን አንገቱን ደፋ።

«ደም ይፈሰኛል» አለች ጌጤ፤ ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ወጣ። «አሞኝ ነው እንጂ ማንንም አልጠላሁም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከ... ከፋሲካ ወዲህ።»

ግማሹን ተናግራ ግማሹን ዋጠችው። ቄሱ እየጠበቁ ነበርና ሩታ ሕፃኗን አቅፋ እየተጣደፈች ገባች። ጌጤ የልጅ ልጇ ውሃው ሲነካት ስታለቅስ ከውጪ ሆና ሰማቻት፤ እሷም አለቀሰች።

ሰኞ ጠዋት ሩታ ጎትታ ጳውሎስ አካባቢ ካለ ክሊኒክ ወሰደቻት። ሐኪሟ ልጅ እግር ሴት ነበረች። መርምራት ስትጨርስ ጓንቷን አወለቀችና ወንበሯን ጠጋ አደረገች።

«ናሙና ወስጃለሁ፤ ውጤቱ በሁለት ሳምንት ይደርሳል። የማህፀኑን በር ሳየው ግን የቅርብ ጊዜ ነገር አይመስልም። እናቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ጌጤ ሩታን አየቻት። አሁንም ከፋሲካ ወዲህ ብትል ማን ያውቅባታል?

«ከአምና ኅዳር ጀምሮ» አለች።

ሩታ በጣቷ ቆጠረች። «ሰርጌ እኮ ጥር ነበር።»

«አዎ።»

«ያን ቀንም?»

«ያን ቀንም።»

ሩታ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «እኔ ዓመት ሙሉ ተስፋሁንን እናቴ ትጠላሃለች እያልኩት...» ቀና ስትል ዓይኗ ቀልቷል። «ሰርጌ እንዳይበላሽ ብለሽ ነው አይደል? ለእኔ ብለሽ ነው ዝም ያልሽው?»

መውጫው ቀላል ነበር። አዎ ብትል፣ ስለ ልጇ የተሠቃየች እናት ሆና ትወጣለች።

«አይደለም» አለች ጌጤ። «አፍሬ ነው። እንዳትጸየፊኝ ፈርቼ።»

ሩታ የእናቷን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘችና ወደ ሐኪሟ ዞረች።

«ሌላ የሚጠየቅ ካለ አሁኑኑ ይጠይቋት፣ ዶክተር» አለች። «ዛሬ ትናገራለች።»