ሥራ አስኪያጁ ያቃጠላት ጽጌረዳ

የመሥሪያ ቤቱ አትክልተኛ ሃያ ዓመት ሙሉ አፈር ስትምስ የኖረች፣ በአዲሱ ሥራ አስኪያጅ እናት ዕድሜ ያለች ሴት ናት። እሱ ግን ከተሾመ ጀምሮ በየማለዳው ማዳበሪያ በእፍኙ እየዘገነ በሩ ላይ ባለችው ጽጌረዳ ሥር ይበትናል። የቅጠሎቿ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ፣ «ውሃ ከልክለሻት ነው!» ብሎ አትክልተኛዋ ላይ ጮኸባት።

«ጌታዬ፣ ማዳበሪያ ሲበዛ እኮ ሥር ያቃጥላል።»

«እኔን ልታስተምሪኝ ነው?»

«ተምረህ ሞተሃል!» አለች በሆዷ።

የዓመት ፈቃድ ሲወጣ የማዳበሪያውን ጆንያ መጋዘን ቆለፈችበት። የተጠራቀመው ማዳበሪያ ታጥቦ እስኪወርድ አፈሩን በውሃ ደጋግማ አራሰችው። ከወር በኋላ ሲመለስ ጽጌረዳዋ ለምልማ ጠበቀችው።

«አያችሁ ማዳበሪያዬን!» ብሎ በእንግዶች ፊት ደረቱን ነፋ።

አትክልተኛዋ አጠገቧ ወደቆመው ዘበኛ ዞር ብላ፣ «ድንጋይ ውሃ ውስጥ ስለኖረ ዋና አይለምድም» አለችና አረም መንቀሏን ቀጠለች።