ማረሻው አልነሳ ያለ ጊዜ

ባለፈው ቅዳሜ ለክርስትና ወደ ፌርፋክስ ስንሄድ መንገድ ዳር ዱባ የሚሸጥበት ቦታ ቆምን። ለጌጥ ያቆሙት አሮጌ ትራክተር ነበር፤ ልጆች ወንበሩ ላይ እየወጡ ፎቶ ይነሳሉ። እኔ በነጭ ቀሚሴ ከኋላው ዞሬ ቁጢጥ አልኩ። ማረሻ የሚሸከሙት ሁለት ክንዶች መሬት ሊነኩ ደርሰው ተንጠልጥለዋል። ባለቤቴ "ምን ጠፋብሽ?" አለኝ። "ምንም" አልኩት። አርፍደን ደረስን፤ እስከ ምሳ ድረስ አኮረፈኝ።

እንዲህ ያለ ትራክተር መጀመሪያ የነካሁ ጊዜ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዲቪ ከመጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ አክስቴ ቤት እኖራለሁ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። አዲስ አበባ አውቶ መካኒክ ተምሬ ነበር የመጣሁት፤ እዚህ ግን ማን ሰምቶኝ! ጋራዥ ሄጄ ሥራ ስጠይቅ ስልክ እንዳነሳላቸው ነበር የሚፈልጉኝ። እልኸኛ ነኝ፣ አልክድም። ያን ጊዜማ ይብስብኝ ነበር።

አቶ በጋሻው የአክስቴ ጎረቤት ናቸው። በደርግ ጊዜ ሁመራ የመንግሥት እርሻ ላይ ትራክተር ነጂ ነበሩ። እዚህ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ፓርኪንግ ውስጥ፣ በመስታወት ሣጥን ተቀምጠው ትኬት ሲቀበሉ ኖሩ። "እዚህችው እሞትና በትኬት ጠቅልለው ይቀብሩኛል" ይሉ ነበር። ታዲያ በዚያ ዓመት በረዶው ሲለቅ፣ ከሮክቪል አለፍ ብሎ የሚኖሩ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት አምስት ኤከር መሬት ከነትራክተሩ ሊያከራዩዋቸው ተስማሙ። የሴትዮዋ ቃል አንድ ነው፤ ሜይ እስኪጋመስ መሬቱ ካልታረሰ ለሌላ ሰው ይሰጣል። አቶ በጋሻው ያን ቀን ሥራቸውን ለቀቁ። ሚስታቸው አክስቴ ዘንድ መጥተው አለቀሱ።

ትራክተሩ ይነሳል፣ ይሄዳል፤ ማረሻውን ግን አያነሳም። ማረሻ ካልተነሳ ማሳ ጫፍ ደርሶ መዞር የለም፤ እንኳን ሊታረስበት ከመጋዘኑ ማውጣትም አይቻልም። አክስቴ "መካኒክ ነኝ ስትይ አልነበር?" ብላ ላከችኝ።

በእረፍት ቀኔ የአቶ በጋሻው ጓደኛ ጋሽ ተክሌ በታክሲያቸው ወሰዱኝ። በፎይል የተጠቀለለ የሽሮ ፍርፍር ጭኔ ላይ ይዣለሁ። የዛፉ ሁሉ ቅጠል ገና ለጋ ነው፤ መስኮቱን ስከፍት እርጥብ አፈርና የዱር ሽንኩርት ሸተተኝ። አቶ በጋሻው ኮታቸውን አውልቀው ይጠብቁናል።

"ሁሉንም ፍቺ፣ ሁሉንም እዪ" አሉኝ። "ይቺን ብቻ እንዳትነኪ።"

በግራ እግር በኩል ያለች አጭር እጀታ ናት። ራሳቸው በሽቦ ሦስት ዙር አስረዋታል። "እሺ" አልኩ። ለምን አላልኩም። ትልቅ ሰው አትንኪ ካለ ለምን ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?

ሦስት ሳምንት በእረፍት ቀኔ ሁሉ ተመላለስኩ። ዘይቱን ስቀዳው ውሃ ገብቶበት ወተት የበዛበት ሻይ መስሏል፤ ቀየርኩት። የላዩን ክዳን ከፍቼ ፒስተኑን አየሁ፣ ደህና ነው። ፓምፑን ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ መለስኩ። ወይ ፍንክች! ክንዶቹ እንደተንጠለጠሉ ናቸው። ጋሽ ተክሌ ዛፍ ሥር ተቀምጠው "ይልቅ ሂጂ አልጋሽን አንጥፊ" ይሉኛል። ቀልድ ነው፤ ግን አናደደኝ። ይህን ብረት ሳላስነሳ ብቀር ሰው አይደለሁም አልኩ።

ከቤተ መጻሕፍት የትራክተሩን ማኑዋል አወጣሁና ባቡር ላይ በመዝገበ ቃላት ማንበብ ያዝኩ። አንድ ቀን ጠዋት ከሥዕሎቹ አንዱ ላይ ዓይኔ ቀረ። እንደ አዲሶቹ ትራክተሮች ሞተሩ ስለተነሳ ብቻ ፓምፑ አይዞርም ለካ! ፓምፑንም፣ ማጨጃና መውቂያ የሚገጠምበትን ከኋላ የወጣውን ዘንግም አብሮ የሚያዞረው አንድ ማርሽ ነው። ያ ማርሽ ካልገባ ዘይቱ አይገፋም፣ ክንዶቹም አይነሱም። ማርሹን የምታስገባው ደግሞ ያቺ በሽቦ የታሰረችው እጀታ ናት። መውረጃዬ አለፈኝ።

ቀጠሮው ሊሞላ አምስት ቀን ሲቀረው ሄድኩ። ንዴቴ አልበረደም ነበርና ማኑዋሉን ገልጬ ፊታቸው ዘረጋሁት።

"አቶ በጋሻው፣ እጀታዋ ናት። እርስዎ ያሰሯት።"

ጋሽ ተክሌ ሳቃቸውን ለቀቁት። አቶ በጋሻው ግን መጽሐፉን እንኳ አላዩም።

"አውቃለሁ" አሉ።

"ምን?"

"ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ። ሁመራ ታናሽ ወንድሜ አብሮኝ ይሠራ ነበር። ማርሹን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ዘንጉ የጋቢውን ጫፍ ያዘው።" ሞተሩን እስኪያጠፉ ወንድማቸው በሕይወት አልቆየም።

የጋሽ ተክሌ ሳቅ አፋቸው ላይ ደረቀ። እኔም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ታዲያ ሦስት ሳምንት ስለፋ ለምን ዝም አሉ?"

"ሌላ መላ ታገኚልኝ እንደሆን ብዬ ነዋ" አሉ።

ሌላ መላ አልነበረም። ለማረሻ ግን ዘንጉ ላይ ምንም አይገጠምም፤ ማኑዋሉ ላይ ጫፉን የሚሸፍን የብረት ክዳን አይቻለሁ። አሮጊቷን ጠየቅሁና መጋዘናቸውን ስንበረብር ከአሮጌ ቆርቆሮ ውስጥ ተገኘ። ሞተሩ እንደጠፋ ጥርሴን ነክሼ አጠበቅሁት። ከዚያ "እጅዎን ያምጡ" አልኳቸው። ዙሪያውን ዳሰሱት። የሚይዝ ነገር የለም። ደግመው ዳሰሱት።

"እኔ ላስገባው?" አልኩ።

"አይሆንም። እኔ ነኝ።"

ሽቦውን በገዛ እጃቸው ፈቱ። ሸሚዛቸውን ሱሪያቸው ውስጥ ከተቱ፤ ትከሻዬ ላይ የነበረውን ነጠላ አስወልቀው ጋሽ ተክሌንና እኔን እስከ አጥሩ አባረሩን። ሞተሩን አስነሱ፣ ፍሪሲዮኑን ረገጡ፣ እጀታዋን ያዙ። ደግሞ ለቀቋት፤ ተመልሰው ያዟት። አስገቧት። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ሲለቁ ክንዶቹ ተነቃነቁ፤ ማረሻው የከረመ ጭቃውን እያራገፈ ወደ ላይ ወጣ። እኔ እልል አልኩ። እሳቸው ግን አለቀሱ፤ እያለቀሱ ማሳው ውስጥ ገቡ። እስኪመሽ አልወረዱም፤ ያን ቀን ያመጣሁላቸውን ፍርፍር ጋሽ ተክሌና እኔ በላነው። በቀጠሮው ቀን አሮጊቷ መጥተው የታረሰውን መሬት ዞረው አዩና ጨበጧቸው። አቶ በጋሻው ወደዚያች ሣጥን አልተመለሱም።

እኔ ዛሬ አሌክሳንድሪያ የራሴ ጋራዥ አለኝ። ከብረቱ ይልቅ የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ እያንዳንዱን ብሎን ስመረምር ከርሜ ሰውየውን አንድ ጊዜ "ለምን?" አለማለቴ። አሁን ደንበኛ "ይቺን እንዳትነኪ" ሲለኝ እጄን እሰበስብና "ምን ደርሶብዎት ነው?" እላለሁ። አንዳንዱ ምን አገባሽ ብሎ ይቆጣል። አንዳንዱ ወንበር ስቦ ይቀመጣል።