የግራ በር ስፒከር

የመኪናዬ የግራ በር ስፒከር ከጥቂት ዓመታት ጀምሮ እየደከመ ሄዶ ነበር። መጀመሪያ ድምፁ ቀጠነ፤ ዜና አንባቢው በር ዘግቶ ከውስጥ የሚያወራ መሰለኝ። በኋላ ጭራሽ ከቀኙ በር ብቻ የምሰማ ሆንኩ። ይህንን ለልጄ ነገርኩት። ልጄ ፉሪ ቤት ተከራይቶ ይኖራል፣ ሥራው አዲስ አበባ ነው፣ እኔ ጋ ሰበታ የሚመጣው በወር አንድ እሑድ ነው። ያን እሑድ ወደ ገበያ ስንሄድ ቴፑን ከፈተው፤ እኔን አልፎ ጎንበስ አለና በእኔ በኩል ባለው በር ላይ ጆሮውን ለጠፈ።

«እማዬ፣ ስፒከሩ ምንም አልሆነም።»

«አይሰማም እልሃለሁ።»

«ይሰማል። ጆሮሽን ታዪው።»

«የኔ ጆሮ አንተ ጓዳ ሆነህ የምታንሾካሹከውን የሚሰማ ነው።»

«እሱ ድሮ ነው። አሁን በስልክ ታክሲው ሞላ ስልሽ ማን ሞተ ትያለሽ።»

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በእኛ ቤት «ጆሮሽን ታዪው» የሕክምና ምክር አይደለም። ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

እናታችን የሞተችው ከሦስት ዓመት በፊት ሱሉልታ፣ ታናሽ እህቴ ቤት ነው። የመጨረሻውን ዓመት ያስታመመቻት እህቴ ነች፤ ይህን አልክድም። እኔ ብዙ አልሄድኩም። በሄድኩ ቁጥር ገና ደጃፍ ላይ ሳለሁ ስንት ሌሊት እንዳልተኛች ትነግረኝ ነበር፣ እናቴን ሳላይ በፊት። ሕመሙ ሲብስ ግን ጎረቤት ሰምቶ ነው የሚደውልልኝ እንጂ እሷ አልደወለችም። ያን ቀን ጠዋትም የነገረችኝ ጎረቤት ነች።

ስደርስ ሴቶቹ ሊገንዟት ተዘጋጅተው ነበር። ክፍሉ በር ላይ ቆምኩ። አልጋው ከበሩ በስተግራ ነው። አንዷ ሴት «ታላቅየዋ ደርሳለች፣ በር ላይ ናት» አለች። እህቴ ጎንበስ እንዳለች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ አንድ ቃል ተናገረች። «ትውጣ።»

ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። አስከሬኑ ሲወጣ ከኋላ ተከተልኩ፣ ቤተ ክርስቲያን ከጎረቤት ጋር ቆምኩ፣ ከቀብሩ በኋላ ለቅሶ ሳልቀመጥ ወደ ሰበታ ተመለስኩ። የእናቴን ፊት አላየሁም።

እህቴ ደግሞ ለሰው ሁሉ «እኔ ትምጣ ነው ያልኩት» ትላለች። ሽማግሌ ተላከብኝ፣ ልጄም ተላከብኝ፣ ሁሉም ያመጡልኝ ያችኑ ቃል ነው። ትምጣ ነው ያለችው፣ ጆሮሽ ነው። ትምጣና ትውጣ። በመካከላቸው ያለው አንድ ፊደል ነው። እኔም ለሁሉም ጆሮዬ ደህና ነው ብዬ መለስኩ።

ደህና መሆን ነበረበት። ጆሮዬ ጤነኛ ከሆነ እህቴ አባራኛለች። ጥፋቱ የጆሮዬ ከሆነ ግን ማንም አላባረረኝም፤ እናቴን ሳልሰናበት በገዛ እግሬ ወጥቻለሁ ማለት ነው። ስለዚህ ስፒከሩ የተበላሸ መሆን ነበረበት። ራሴ አውጥቼ፣ ራሴ አዲስ ገጥሜ፣ ልጄን አምጥቼ ላሰማው ወሰንኩ።

ሰበታ ያሉት የመኪና ዕቃ ሻጮች ልጄን ያውቁታል። ስለዚህ ቡራዩ ሄድኩ። ከገፈርሳ በሚወርደው መንገድ ዳር አንድ ጎልማሳ ነጋዴ ጠባብ ሱቅ አለው።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ» ብዬ በኦሮምኛ ደህንነቱን ጠየቅሁ።

«ፈያ፣ እናቴ። ምን ልስጥዎት?»

«የበር ስፒከር። አንድ።»

«አንድ አይሸጥም፣ ጥንድ ነው።»

«የተበላሸብኝ አንድ ነው።»

«አንድ እግር ጫማ ገዝተው ያውቃሉ?» አለና ካርቶኑን አወረደልኝ። «ማን ይገጥምልዎታል?»

«እኔ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ልጅ የለዎትም?»

«አለኝ።»

«እና?»

«እና ደህና ነው ይላል።»

ከዚያ በኋላ አልቀለደም። የሽቦው ፕላስና ማይነስ ቢጠፋብኝ ስፒከሩን በግድግዳ ሰዓት የባትሪ ድንጋይ ነካ እንዳደርገው ነገረኝ፤ የስፒከሩ የፊት ወረቀት ወደ ውጭ ከተገፋ የድንጋዩ ፕላስ የነካው ጫፍ ፕላስ ነው። ስወጣ ግን አንድ ነገር ጨመረ። «እናቴ፣ ከመኪናው ጋር የመጣውን የፋብሪካ ስፒከር አይጣሉት። ወረቀቱ ካልተቀደደ ስፒከር ዝም ብሎ አይሞትም።» አመሰገንኩት፤ አፉን ቢዘጋ ግን በወደድኩ ነበር።

ስለ መሣሪያ ማንም አያስተምረኝም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። መካኒኮቹ በመስኮት እየመጡ ያዝዙኛል፣ እኔ እሰጣለሁ። አንደኛው፣ የሁሉ አለቃ የነበረው፣ ካቻቢቴ ባቀበልኩት ቁጥር «በየት በኩል እንደሚያዝ ታውቂያለሽ?» ይለኝ ነበር፤ ሌሎቹም ይስቃሉ። ያ ሰው ሁልጊዜ የመፍቻ ቁጥር ይሳሳታል። ልክ ያልሆነውን ሲጠይቀኝ ልክ ያልሆነውን እሰጠው ነበር። ፀሐይ ላይ ግቢውን አቋርጦ ሲመለስ በመስኮቱ ማየት ከዚያ ቤት ካገኘኋቸው ጥቂት ደስታዎች አንዱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የግቢዬን በር ቀርቅሬ ጀመርኩ። የእጀታውን ብሎን ፈታሁ። የመስታወት ማውረጃው ከኋላው በቀጭን የሽቦ ቀለበት ነው የሚያዘው፤ ጨርቅ ከሥሩ አስገብቼ ወዲህ ወዲያ ስጎትት ቀለበቱ ተፈናጥሮ ወጣ። የበሩን ሽፋን የማንኪያ እጀታ በጨርቅ ጠቅልዬ ከሥር ጀምሬ አላቀቅሁት። አንድ ክሊፕ ተሰበረብኝ። ከውስጥ የብዙ ዓመት አቧራና አንድ የልጅ ማበጠሪያ ወጣ። የማን እንደሆነ አላውቅም፤ መኪናዋን የገዛሁት ያገለገለች ሆና ነው።

የፋብሪካው ስፒከር ጥቁር ወረቀት አልተቀደደም። በጣቴ ዙሪያውን ዳሰስኩት። ያኔ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም። ስፒከሩ የተያዘው በብሎን ሳይሆን ሪቬት በሚባል በማይፈታ ምስማር ስለሆነ ሪቬቱን በድሪል በሳሁት። የአዲሱ ቀዳዳ ከበሩ ቀዳዳ ጋር አልገጠመም። ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ፈልጌ፣ በቆርቆሮ ክዳን ክብ ሠርቼበት፣ በትንሽ መጋዝ ቀለበት አወጣሁለት፤ እሱን በሩ ላይ፣ ስፒከሩን እሱ ላይ አሰርኩ። ሽቦዎቹን በድንጋይ ለየሁ፣ ቀጥዬ በናስትሮ ጠቀለልኩ። የሚያይልኝ ሰው ቢኖር ደስ ባለኝ፤ የተቀረቀረው በር ግን በእኔው እጅ የተቀረቀረ ነው።

ሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጬ ቴፑን ከፈትኩ። ከቀኝ መጣ። ከግራ ያው ነው፣ እንደ ድሮው፣ ከበር ጀርባ። ሽቦውን ፈትቼ እንደገና ቀጠልኩ። ያው። ድምፁን ሁሉ ወደ ግራ በር አዞርኩት፤ መኪናው ውስጥ ዝምታ ሆነ፣ ከሩቅ የሆነ ነገር ብቻ ይንሾካሾካል። የቡራዩ ሰው የሞተ ዕቃ ሸጠልኝ ብዬ ተናድጄ ወረድኩና የወደቀ ብሎን ለማንሳት በሩ አጠገብ ጎንበስ አልኩ። አዲሱ ስፒከር ቀኝ ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

ቀና አልኩ። ዞሬ ግራ ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ ጠፋ። ቀኙን አስጠጋሁ፣ መጣ። ብዙ ጊዜ አደረግሁት። ከዚያ የፋብሪካውን አንስቼ በዚያው ሽቦ አገናኘሁት። በቀኝ ጆሮዬ ስሰማው ዜና አንባቢው ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማል።

እዚያ ላይ ማንም ሰው ይበቃዋል። ለእኔ አልበቃኝም። ድምፅ መቀነሱ አንድ ነገር ነው፣ ቃል መለወጥ ሌላ ነገር ነው አልኩ። ስልኬን አውጥቼ ትምጣ እና ትውጣ እያልኩ በየተራ ለየብቻ ቀዳሁ፤ ስምንት ይሆናሉ። ስልኩን በገመድ ከቴፑ ጋር አያይዤ፣ ቀኝ ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ያገኘሁትን እነካ ጀመር። ከበሩ የገዛ ድምፄ ይመጣል። ትውጣ። ሌላ ነካሁ። ትውጣ። ሌላ። ትውጣ። አንድም ትምጣ አልሰማሁም። ጥጡን አውጥቼ የነካኋቸውን በቀኜ ደገምኳቸው። እርግጠኛ ከሆንኩባቸው ውስጥ ግማሹ ትምጣ ነበሩ። የተናገርኩት እኔው ነኝ፤ ስናገር ክፉ ሐሳብ አልነበረኝም።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ደወለ። የድሪሉን ድምፅ የሰማ ጎረቤት ነግሮት ኖሯል።

«ገጠምሽው?»

«ገጠምኩት።»

«ተሰማ ታዲያ?»

«የድሮውም ደህና ነበር።»

«እማዬ፣ ለአክስቴ ልንገራት?»

«ስለ ስፒከር ምን ይነገራል?»

«ስለ ስፒከር አይደለም።»

«ዕቃ ላንሳ፣ ሊዘንብ ነው» ብዬ ዘጋሁት። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

ትምጣ ብላ ይሆናል። ይህን እዚህ መጻፌ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ግን ትምጣ ያለች ሰው፣ የጠራቻት ሳትገባ ስትቀር፣ ለምን አልተከተለችኝም? ከአልጋው እስከ በሩ ጥቂት እርምጃ ነው። እጇ የእናቴ መግነዝ ላይ ነበር ትሉኝ ይሆናል፤ ይሁን፣ አንዷን ሴት መላክ ትችል ነበር። እኔ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ የግቢውን በር ሳይ ቆይቻለሁ። ማንም አልወጣም። ያን ያየሁት በዓይኔ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ደግሞ የእኔን ጆሮ ለሰው ሁሉ ስትተርክ አንድ ቀን ለራሴ አልነገረችኝም።

ይህን ልጠይቃት እፈልጋለሁ። ሰው በተሰበሰበበት ቤት መልሷን አጥርቼ መስማት አልችልም፣ በስልክም አልፈልግም። መኪናዬ ውስጥ ከጎኔ ብትቀመጥ እሰማታለሁ፤ ከሹፌር ጎን የሚቀመጥ ሰው በቀኝ ነው። ሁለት ጊዜ ወደ ሱሉልታ ተነስቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ቤቷ ሳልደርስ ተመልሻለሁ። ለልጄ ነዳጅ ስለተወደደ ነው አልኩት። እውነቱ ሌላ ነው። በቀኜ ተቀምጣ ሂጂ ብትለኝ፣ በደህናው ጆሮዬ የሰማሁትን ተሳስቼ ነው ማለት አልችልም።