የጎረቤቴ ቀይ ዛፍ

ሮተርዳም ዳር ባለችው ሆግቭሊት ስንኖር ጎረቤቴ የቤተ ክርስቲያናችን እህት ነበረች። ሁለታችንም ምድር ላይ ያለ ቤት ነው የደረሰን፤ ጓሯችንን የሚለየው የእንጨት አጥር ከደረቴ አያልፍም። የሚያቀያይመን ነገር አልነበረም፣ ያ ዛፍ እስኪመጣ።

በትልቅ ገንዳ የተተከለ፣ ኤስዶርን የሚሉት አጭር የጃፓን ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ እንደ ሕፃን መዳፍ የተዘረጋ። ዓመቱን ሙሉ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ጥቅምት ሲገባ ግን ሰማዩ አመድ፣ የሁላችንም ጓሮ ጭቃ፣ የሷ ዛፍ ብቻ ቀይ ይሆናል።

አራት ዓመት ሙሉ ደግሞ የመድረክ አበባ የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። ሮተርዳም ውስጥ በምንከራየው አዳራሽ እሑድ እሑድ ከሁሉ ቀድሜ እደርስና የገበያ አበባዬን ከሰባኪው ፊት አስቀምጣለሁ። ሥራዬ ሽማግሌዎችን ማጠብና ማልበስ ነው፤ ሰው ልብ የሚለኝ በዚያች አበባ ብቻ ነበር። አንድ እሑድ ጎረቤቴ ሦስት ቀይ ቅርንጫፍ ይዛ መጣች። እናታችን የምንላቸው አሮጊት «መድረክ እንዲህ ሲያምር ነው እንጂ» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ የኔ አበባ ወደ ሻይ ጠረጴዛው ተዛወረ።

ቆሽቴ አረረ። አፌ ሃሌ ሉያ ይላል፣ ዓይኔ ቅርንጫፍ ይቆጥራል። ቅንዓት ለአጥንት ነቀዝ ነው የሚለውን ጥቅስ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ማወቁ ምን ፈየደልኝ።

ከዚያ ያ ዝናብ የጠፋበት፣ የፈረንጆቹ 2018 በጋ መጣ። ሐምሌ ላይ እናቷ ታመውባት አዲስ አበባ ስትሄድ ቁልፏን ሰጠችኝ። «እህቴ፣ አትክልቶቹን አደራ። ዛፏን ደግሞ በተለይ አደራ» አለችኝ።

ሆርተንሲያ የሚባለውን አበባ አጠጣሁ። ዳሊያውንም አጠጣሁ። ዛፉ ጋ ስደርስ ባልዲው ያልቃል። ሁልጊዜ እዚያው ስደርስ ነው የሚያልቀው፤ ቧንቧው እኮ አምስት እርምጃ አይሞላም። ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ተኮማትሮ ቡናማ ሆነ፣ ስነካው እጄ ላይ ተፈረፈረ። ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ።

መስከረም ላይ ተመለሰች፤ እናቷም ድነውላታል። አጥሩን ተደግፌ «ሙቀቱ ፈጀው፣ ምን ይደረግ» አልኳት። ዛፉን አየችው። ቀጥላ ከጎኑ ያበበውን ሆርተንሲያ አየች። ሌባ እንኳ ዱካውን ያጠፋል፤ እኔ ያንን ማሰብ አቃተኝ። ሻንጣዋን አንስታ ወደ ቤቷ ገባች።

ጥቅምት ላይ መድረኩ ተመለሰልኝ። በጣም ውድ የሚባለውን አበባ ገዛሁ። ሰዉ ግን ሰላም እያለኝ የሚጠይቀው ያ ቀይ ቅርንጫፍ የት እንደደረሰ ነበር።

ኅዳር ላይ ጎረቤቴ ዕቃዋን ጭና ወደ ዴን ሃግ ልትሄድ ሆነ፤ እዚያ ስኪልደርስዋይክ በሚባል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ደርሷታል፣ ጓሮ የለው፣ በረንዳ የለው። በሬን አንኳኳች። ሁለታችን የደረቀውን ዛፍ ከነገንዳው እየገፋን ወደኔ ጓሮ አመጣነው።

«ቤቱ እንደሚደርሰኝ የሰማሁት ሰኔ ላይ ነው» አለችኝ፣ እጇን እያራገፈች። «በየጥቅምቱ በአጥሩ ላይ ስታዪያት አይሽ ስለነበር፣ ዛፏን ላንቺ ብዬ ነበር። አደራ ያልኩሽ የገዛ ዛፍሽን ነው።»

«እህቴ» ግን አላለችኝም።